ውሃ ውስጥ ልቤ ለምን ዝግ ይላል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። 56 ዓመቴ ነው፣ መምህር ነኝ። ግፊት ስላለብኝ አምሎዲፒንና የሚያሸና ኪኒን እወስዳለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ የእግር ጉዞውን ቀንሼ በሳምንት ሦስት ቀን ሆቴል ገንዳ እገባለሁ። እስከ ደረቴ ድረስ ገብቼ እራመዳለሁ፣ ትንሽም እዋኛለሁ። ልጄ የገዛልኝ ሰዓት የልብ ምት ይቆጥራል። መንገድ ላይ ፈጠን ብዬ ስራመድ 125 ይላል። ውሃ ውስጥ ግን የቱንም ያህል ብለፋ ከ110 አያልፍም። ልቤ ደክሞ ነው ወይስ ልፋቴ ከንቱ ነው? ባለቤቴ ‹ውሃ ልብ ያቀዘቅዛል፣ ይቅርብህ› ትለኛለች። ደግሞ ገንዳ ገብቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ሽንቴ ይወጥረኛል። ይኼስ ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከጻፉልኝ ውስጥ ልብዎ ደክሟል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ትንፋሽ ያጥረኛል አላሉም። እግሬ ያብጣል፣ ሌሊት እየታፈንኩ እነቃለሁ አላሉም። ልፋትዎም ከንቱ አይደለም። ውሃ ውስጥ 110 የሚመታ ልብና መንገድ ላይ 125 የሚመታ ልብ እኩል እየሠሩ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ላስረዳዎት። እሱን ካወቁ ሰዓቱን ትተው ትንፋሽዎን ማዳመጥ ይቀልዎታል።

ከእግርዎ እንነሳ። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲያስተምሩ ውለው ማታ ካልሲዎን ሲያወልቁ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ መስመር ትቶ አይተው ያውቃሉ? ያ መስመር የቆመ ሰው ደምና ፈሳሽ ወደ ታች እንደሚያደላ ያሳያል። ደም መልሶቻችን ስስና ልል ናቸው። ስንቆም ብዙ ደም እግራችንና ሆዳችን ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል። ልብም የጎደለውን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል።

አሁን እስከ ደረትዎ ውሃ ውስጥ ይግቡ። ውሃ ከባድ ነገር ነው፤ ሰውነትን ዙሪያውን ይጫነዋል። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ የውሃው ግፊት 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ጤና ጣቢያ ሲለኩ «140 በ90» የሚሉዎት ቁጥርም በዚሁ መለኪያ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ ቀላል አለመሆኑን እርስዎ ከማንም በላይ ይረዱታል። ደግሞ ውሃው እግርዎ ጋ ይበረታል፣ ደረትዎ ጋ ይቀንሳል። የጥርስ ሳሙና ከሥሩ ሲጫኑት ወደ አፉ እንደሚወጣ ሁሉ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። አንድ ሰው እስከ አንገቱ ሲገባ ወደ 700 ሚሊ ሊትር ደም ከእግርና ከሆድ ተነስቶ ደረት ውስጥ ይገባል። ይህ ሁለት የቢራ ጠርሙስ ያህል ነው። አብዛኛው ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፣ የቀረው ልብን ይሞላል።

ልብ ደግሞ ደስ የሚል ጠባይ አለው። በደንብ ሲሞላ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ጠንክሮ ይጨመቃል። ይህን ካስተዋሉት መካከል ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክና እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ይገኛሉ፤ ሕጉም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። በአንድ ምት ብቻ የሚረጨው ደም በየብስ ላይ 70 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ እስከ አንገት ውሃ ውስጥ በሲሶ ያህል ይጨምራል።

በባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ የሚቀዳ ልጅና በባለ 20 ሊትር የሚቀዳ ልጅ ያስቡ። ሁለቱም በርሜሉን ሞልተዋል። ባለትልቁ ጀሪካን ግን ጥቂት ጊዜ ነው የተመላለሰው። ምልልሱን ብቻ የቆጠረ ሰው «ይኼ ልጅ ሰነፈ» ቢል ይሳሳታል። የእርስዎ ሰዓት የሚቆጥረው ምልልሱን ነው። ጀሪካኑ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም።

ሌላም ነገር ይጨመርበታል። አንገትዎ ላይ፣ ደም ቅዳው በሚከፈልበት ቦታ፣ ግፊት የሚለኩ ነርቮች አሉ። ደሙ በደንብ ሲረጭ ያውቁታል፣ «በቃ፣ ቀስ በል» የሚል መልእክት ለልብ ይልካሉ። ሦስተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። መንገድ ላይ በፀሐይ ሲራመዱ ልብዎ ለጡንቻ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳም ብዙ ደም ይልካል። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ለብ ባለ ገንዳ ውስጥ ያ የማቀዝቀዝ ሥራ ለልብዎ ይቀንስለታል።

እነዚህ ተደምረው፣ በእኩል ልፋት ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የልብ ምት ብዙውን ጊዜ ከየብሱ ከ10 እስከ 15 ዝቅ ይላል። የእርስዎን እናስላው። ከ125 ላይ 15 ሲቀነስ 110 ነው። ሰዓትዎ የነገረዎትም ይህንኑ ነው! ስለዚህ «በዕድሜህ ልብህ ይህን ያህል ይምታ» የሚሉትን ሠንጠረዦች ይዘው ገንዳ አይግቡ። እነሱ የተሠሩት ለየብስ ነው። 125ን እደርሳለሁ ብለው ውሃ ውስጥ ከታገሉ መንገድ ላይ ከሚለፉት በጣም አብልጠው ነው የሚለፉት። ለግፊት ሰው ይህ አይመከርም።

አንድ ነገር ራስዎ ይሞክሩ። ገንዳው ውስጥ እስከ ወገብዎ ድረስ ብቻ ገብተው ሦስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ። ሁለት ጣትዎን ከማንቁርትዎ ጎን፣ አንገትዎ ላይ፣ ቀስ አድርገው ያሳርፉ። አይጫኑት፤ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜም አይንኩ። 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙት። ከዚያ ወደ ጥልቁ ሄደው ውሃው እስከ ትከሻዎ ሲደርስ ሌላ ሦስት ደቂቃ ቆመው እንደገና ይቁጠሩ። ብዙ ሰው ላይ ሁለተኛው ቁጥር ዝቅ ይላል። ወገብ ድረስ ብቻ ከሆነ ለውጡ ትንሽ ነው። ነገሩ የሚለየው ውሃው ደረት ሲደርስ ነው። በጣቴ ቆጥሬ ሳየው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምንም ሳትሠራ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ጥልቁ ስለሄድክ ብቻ ልብህ ሥራውን ይቀይራል።

ስለ ሰዓቱም ልጨምር። የእጅ ሰዓት ምት የሚቆጥረው ቆዳዎ ላይ ብርሃን እያበራ ነው። ውሃ በመሃል ሲገባ፣ ክንድ ሲወዛወዝ፣ ቆዳው ሲቀዘቅዝና ደም ሥሩ ሲጠብብ ይሳሳታል። አንዳንዴ የክንድዎን ምልልስ እንደ ልብ ምት ይቆጥረዋል። ልጅዎ ስጦታውን በፍቅር ነው የገዛው፤ መንገድ ላይ ይጠቀሙበት። ገንዳ ውስጥ ግን ጣትዎና ትንፋሽዎ ይበልጡታል።

የትንፋሹ መለኪያ ቀላል ነው። እየተራመዱ አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ልክ ላይ ነዎት። ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ከተቋረጠ ይቀንሱ። ውሃው ደረትዎን ስለሚጫነውና የገባው ደም ሳንባዎ ውስጥ ቦታ ስለሚይዝ መተንፈስ ራሱ ከበፊቱ ትንሽ ሊከብድ ይችላል። መጀመሪያ ሲገቡ ደረት ላይ መታጠቂያ የታሰረ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህ ለጤነኛ ሰው የትንፋሽ ጡንቻ ልምምድ ነው።

«ውሃ ውስጥ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ይህ ስፖርት ይባላል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይባላል። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው። በመንገድ ላይ ፍጥነትዎ ግማሽ ወይም ሲሶ እንኳ ቢራመዱ ጡንቻዎ እኩል ጉልበት ያወጣል። ፍጥነትዎን እጥፍ ካደረጉት ደግሞ ውሃው አራት እጥፍ ያህል ይገታዎታል፤ ስለዚህ ለውጥ ሲፈልጉ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ። ጉልበትዎ ግን አርፏል። ውሃ እስከ ወገብ ሲሆን ከክብደትዎ ግማሹን ያህል ይሸከምልዎታል፤ እስከ ደረት ሲደርስ ሲሶው ብቻ ነው እግርዎ ላይ የሚቀረው። ለጉልበት ሕመምተኛ ይህን የመሰለ ሜዳ የለም።

ለግፊትዎስ ይረዳል ወይ? ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ፣ ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ሰዎችን ለ12 ሳምንት ዋና አሠልጥኖ ነበር። የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ131 ወደ 122 ወርዷል። ይህ የ9 ነጥብ ቅናሽ፣ አንድ የግፊት ኪኒን ሊያወርደው ከሚችለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህ ማለት ግን ኪኒን ይተዉ ማለት አይደለም። ለሐኪምዎ ልኬቱን አሳይተው እሱ ይወስን።

ሽንቱ ደግሞ ከዚሁ ታሪክ የሚመጣ ነው። የልብ የላይኛው ክፍል ሲሞላና ሲለጠጥ አካልዎ ተታሎ «ደም በዝቷል» ብሎ ያስባል። እውነቱ ደሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልበዛም። ልብ ራሱ አንድ ሆርሞን ያመነጫል፤ ኩላሊትም ጨውና ውሃ እንዲያወጣ ያዛል። ውሃ የሚያስቀረው ሌላው ሆርሞን ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ሽንት ይመጣል። በሽታ አይደለም። የፕሮስቴት ችግርም አይደለም፣ ከገንዳ ውጭ ካልታየ በቀር።

እዚህ ላይ ግን የእርስዎን ኪኒኖች እንይ። አንዱ የሚያሸና ነው። ገንዳውም ያሸናል። አምሎዲፒን ደግሞ ደም ሥር ያላላል። ሦስቱ በአንድ ጠዋት ሲገናኙ ከውሃው ሲወጡ ችግር ሊመጣ ይችላል። ሲወጡ ያ ዙሪያዎን የያዘው ግፊት በአንድ ጊዜ ይለቅዎታል። ደረት ውስጥ የነበረው ደም ወደ እግር ይወርዳል። ዓይን ጭልም ይላል፣ ጭንቅላት ይቀልላል። ገንዳ ዳር ላይ የሚወድቁ ትልልቅ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ለመውጣት ሲያስቡ መጀመሪያ ወደ ጎደለው በኩል ሄደው እስከ ወገብ ውሃ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብለው ይራመዱ። ደረጃውን ብረቱን ይዘው አንድ በአንድ ይውጡ። ከወጡ በኋላ ቁጭ ይበሉ። ከመግባትዎ በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ከወጡም በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። በብዙ ሆቴል ገንዳው አጠገብ ስቲም አለ። ከገንዳው ወጥተው ወዲያው እዚያ አይግቡ። ሙቀቱ የቀረውን ደም ወደ ቆዳ ይስበዋል።

አሁን ባለቤትዎ ወዳሉት ልምጣ። «ውሃ ልብ ያቀዘቅዛል» የሚለው ለእርስዎ ገንዳ አይሠራም። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ግን ከንግግራቸው ውስጥ እውነት አለ፣ እኔም እደግፋቸዋለሁ። እኛ ጎጃም ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለን። የጣና ዳርቻና የባሕር ዳር ገንዳዎች ብዙ ጊዜ የሚቻሉ ናቸው። ዘንገና ሐይቅ ዳር ወይም ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፣ በጠዋት የቆመ ሰው ግን ሌላውን ውሃ ያውቀዋል። አጥንት ድረስ የሚሰማ ነው።

በጣም የቀዘቀዘ ውሃ፣ በተለይ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ፣ በድንገት ሰውነት ላይ ሲፈስ ቆዳው ይደነግጣል። ሰውየው ሳይፈልግ «ሕህ!» ብሎ አየር ይስባል። ከዚያ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ግፊት በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ልብም ይጋልባል። ይህ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ይበረታል፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ፊት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ትንፋሽ ይዞ ፊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የነከረ ሰው ልቡ ዝግ ይላል። ስለዚህ ጭንቅላቱን አስቀድሞ ዘልሎ የገባ ሰው ልብ «ሩጥ»ም «ቁም»ም የሚል ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ለጤነኛ ወጣት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ለታመመ ልብ ግን የምት መዛባት ሊያመጣ ይችላል።

ይህን የማነሳው ጥር 11 ንጋት ላይ ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚዘሉትን ወጣቶች፣ ጠበል የሚጠመቁትንም ሕመምተኞች እያሰብኩ ነው። ጠበል አትግቡ ማለቴ አይደለም። እኔም ያደግኩበት ነው። የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ለአጥማቂው አስቀድሞ ይንገር። መጀመሪያ እግሩንና እጁን ያስነካ፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ደረቱንና ራሱን በመጨረሻ። የሚወርደው ውሃ ሥር በድንገት አይግባ። ባዶ ሆዱን ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ከሆነ ቁጭ ብሎ ይጠመቅ። መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። የልብና የግፊት ኪኒንም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ደረት ድረስ ውሃ ውስጥ መግባት የማይገባቸው ሰዎችም አሉ። ያ 700 ሚሊ ሊትር ደም ለጤነኛ ልብ ስጦታ ነው፤ ለታመመ ልብ ግን ሸክም ይሆናል። እኔ የልብ ሕመምተኛ ስቀበል ቶሎ ከምጠይቃቸው አንዱ «ስንት ትራስ ላይ ነው የምትተኛው?» የሚል ነው። ጋደም ሲል የሚታፈን፣ ሦስት ትራስ ደርቦ የሚያድር ሰው፣ ደም ወደ ደረቱ ሲመጣበት ልቡ አልቻለም ማለት ነው። ውሃም ያንኑ ደም ነው የሚያመጣው። እንዲህ ያለ ሰው ሕመሙ በመድኃኒት እስኪረጋ ድረስ ገንዳ አይግባ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቭ የጠበበባቸው ወጣቶች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ቀጫጭንና ብርቱ ስለሚመስሉ ማንም አይጠረጥራቸውም። ለዚሁ ሕመም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ልጅ ካለዎት ወይም ክፍልዎ ውስጥ ካለ፣ ዋና ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ይፍቀድለት። በቅርቡ የልብ ድንገተኛ ሕመም የያዘው፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው፣ ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ የሆነ ሰውም ይታገስ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ጥሩ ዋናተኛ የነበረ ልጅ በድንገት ሲሰጥም ሰፈሩ «ውሃው ወሰደው» ይላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከወላጅ የሚወረስ የልብ ምት ችግር ያለባቸው ናቸው። አንደኛው ዓይነት በተለይ ዋና ላይ ነው የሚነሳው። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ወይም ሲዋኝ ራሱን የሳተ ሰው ካለ፣ ወንድምና እህቶቹ ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚያሰፍር ምርመራ) ይነሱ። አጭርና የማያም ምርመራ ነው።

ምት ዝግ የሚያደርጉ መድኃኒቶችንም ላንሳ። እርስዎ አይወስዱም፤ ሌላ አንባቢ ግን አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ሊወስድ ይችላል። እነዚህ በየብስም ምቱን ይቀንሱታል። ውሃው ሲጨመርበት ቁጥሩ ምንም ትርጉም አይኖረውም። እነሱ በትንፋሽ ብቻ ይመሩ።

መምህር፣ «ገንዳው ውድ ሆነብኝ፣ ለምን ጣና አልገባም» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት፣ ለልብዎ ልዩነት የለውም። ለሌላው ጤናዎ ግን አለው። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በውሃው ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ገንዳው ይሻልዎታል። የገንዳው ውሃ ንጹሕ ካልመሰለዎት ደግሞ ባለቤቶቹን ክሎሪን መቼ እንደጨመሩ ይጠይቁ፤ የመጠየቅ መብት አለዎት።

ለአንድ ወር እንዲህ ያድርጉ። በሳምንት ሦስቱን ቀን ይቀጥሉ። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ በእርጋታ ይራመዱ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ማውራት እስከቻሉበት ልክ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ወደ ጎደለው በኩል። ብቻዎን አይግቡ። ደረትዎን ካመመዎት፣ ልብዎ ከተዛባ ወይም ትንፋሽዎ አልመለስ ካለ ወዲያው ወጥተው ጤና ተቋም ይሂዱ። ጠዋት ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ግፊትዎን ሁለት ጊዜ ይለኩና በደብተር ይጻፉት። ገንዳ የገቡበትን ቀን በክብ ምልክት ያድርጉበት። ወር ሲሞላ ደብተሩን ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ለእኔም ቁጥሮቹን ይላኩልኝና አብረን እናያቸዋለን።